ዴስክቶፑና ላፕቶፑ ለምን አይተያዩም? የቤት ዋይፋይ ችግር እንዴት ይፈለጋል

ዴስክቶፑ ሳሎን ነው። ላፕቶፑ መኝታ ቤት ነው። በመሃላቸው ያለው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በቴሌግራም ነው። ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ይጫናል፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ እዚያው ቤት ውስጥ ይወርዳል። ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ከበለጠ ደግሞ የማይከፈልበት ቴሌግራም አይቀበለውም። ያኔ ፍላሽ ፍለጋ ይጀመራል።

ልደታ ኮንዶሚኒየምም ሂዱ፣ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ፣ እንዲህ የሚኖር ቤት ብዙ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዩቲዩብ ይከፍታሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ወይም ትናንት ይተያዩ ነበር፣ ዛሬ እምቢ ብለዋል። ባለሙያ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህች ቃል ስል ነው። በፎርማት የልጆቻቸው ፎቶ የጠፋባቸው፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸው የሄደባቸው፣ የሂሳብ ሰነዳቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ሁለት ኮምፒውተሮች አለመተያየታቸው ዲስክ የሚያስጠርግ በሽታ አይደለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማብሪያ፣ በአንድ ገመድ ወይም በአንድ ፓስወርድ የሚስተካከል ነው። ዋናው ነገር ችግሩ የት ጋ እንዳለ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የቤታችሁ ኔትወርክ አንድ ነገር ነው፣ ኢንተርኔት ሌላ ነገር ነው። የቤቱ ኔትወርክ ራውተሩና ከእሱ ጋር የተገናኙት ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተሮች ናቸው። ኢንተርኔት ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው። ከውጭ የሚመጣውን ገመድ ከራውተሩ ብትነቅሉት ኢንተርኔት ይጠፋል፤ የዋይፋዩ ስም ግን እዚያው አለ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮችም ፋይል መለዋወጥ ይችላሉ። ጥቅሉ አልቆ ወይም መስመር ተቋርጦም ያው ነው። ከዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ የምትገለብጡት ፊልም ከጥቅላችሁ አንድ ሜጋባይት አይቀንስም። ቤታችሁ የሚጠቀመው በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ሦስት ቁራጭ አለው። ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ፣ ከዴስክቶፑ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ውጭ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ካጡ ሦስተኛውን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ካጣ የራሱን ቁራጭ ፈልጉ። ሁለቱም ኢንተርኔት ኖሯቸው እርስ በርስ ካልተያዩ ግን የተቆረጠ ነገር ላይኖር ይችላል። የሆነ ቦታ ላይ የተከለከለ ነገር አለ ማለት ነው።

ከቀላሉ ጀምሩ። ሁለቱም የተገናኙት ከአንድ ዋይፋይ ጋር ነው? የሚገርም ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ የገባበትን ኔትወርክ አይረሳም። የጎረቤት ዋይፋይ ወይም የልጅ ስልክ ሆትስፖት ክፍት ሲያገኝ ዝም ብሎ ሊገባበት ይችላል። ስሙን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ቪፒኤን ከበራም አጥፉት። ብዙ ቪፒኤኖች ኮምፒውተሩ የቤቱን ኔትወርክ እንዳያይ ይጋርዱታል። ዴስክቶፑም እንቅልፍ ላይ አለመሆኑን እዩ፤ የተኛ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ላይ ይሰወራል።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ ያድላል። ይህን ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱና አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል (ipconfig) ጻፉ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አይፒቪ4 ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሩ። ጤናማ ቤት ውስጥ የሚታየው ለምሳሌ 192.168.1.5 እና 192.168.1.8 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ የመጨረሻው ይለያያል።

ከሁለቱ አንዱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ ያ ኮምፒውተር ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ቁጥሩን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ዋይፋዩን «ፎርጌት» አድርጉና ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ። እምቢ ካለ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ።

ሦስተኛው ቁጥር ከተለያየስ? አንዱ 192.168.1.5፣ ሌላው 192.168.0.7 ቢሆንስ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፣ ምክንያቱም በከተማችን ብዙ ቤት ውስጥ የተደበቀው ችግር ይሄ ነው።

መስመሩ ሲገባ አንድ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። ሲግናሉ መኝታ ቤት አልደርስ ሲል ሰው መርካቶ ሄዶ ሌላ ራውተር ይገዛል። ከመጀመሪያው መሣሪያ ገመድ ያወጣና አዲሱ ላይ ዋን (WAN) የሚል ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን አሁን ቤቱ ውስጥ ሁለት ኔትወርክ ተፈጥሯል። ሁለቱም መሣሪያዎች ለየራሳቸው አድራሻ ያድላሉ። ዴስክቶፑ ከመጀመሪያው፣ ላፕቶፑ ከሁለተኛው ጋር ከተገናኘ በመሃል ግድግዳ አለ። ግድግዳው ደግሞ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው ራውተር ላይ ያለው ላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፑ ሊደርስ ይችላል፤ ዴስክቶፑ ግን ላፕቶፑን በጭራሽ አያገኘውም። «ከዚህኛው ይሠራል፣ ከዚያኛው አይሠራም» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤት ውስጥ ስንት ራውተር አለ?» ብዬ ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ከማደል ማስቆም ነው። በርካታ ራውተሮች ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከመረጣችሁ አለቀ። ምርጫው ከሌለ ግን በእጅ ይሠራል። የሁለተኛውን ራውተር ገጽ ክፈቱ፤ ከእሱ ጋር ተገናኝታችሁ አድራሻውን አሳሽ ላይ ስትጽፉ የሚመጣው ማስተካከያ ነው። የራሱን አድራሻ በመጀመሪያው ራውተር የቁጥር ረድፍ ውስጥ ማንም ያልያዘው ቁጥር አድርጉት፣ ለምሳሌ 192.168.1.2። ከዚያ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን አጥፉ፤ አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። በመጨረሻ ገመዱን ከዋን ቀዳዳ ነቅላችሁ ላን (LAN) ከሚሉት በአንዱ ሰኩ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ገመዱን አስቀድማችሁ ካዛወራችሁ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ያድላሉ፣ ያኔ ነገሩ ይባስ ይተረማመሳል።

የአድራሻው ነገር ከተስተካከለ በኋላም ራውተሩ ራሱ ሊከለክል ይችላል። አንደኛው ኮምፒውተር «ጌስት» በሚለው ዋይፋይ ላይ ከሆነ ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ሌሎችን እንዲያይ አይደረግም። በራውተሩ ገጽ ላይ «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚል ነገር በርቶ ከሆነም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ የስልክ ሆትስፖቶችም እንዲህ ያደርጋሉ።

አሁን ፒንግ እናድርግ፤ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማለት ነው። በላፕቶፑ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፒንግ (ping) ብላችሁ ክፍት ቦታ ትታችሁ የዴስክቶፑን ቁጥር ጻፉ። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። ዝም ካለ ግን ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ጠባቂ) ኔትወርኩን ካላመነው ፒንግን አይመልስም። ኮምፒውተሩ አለ፣ ግን በሩን ዘግቷል። ስለዚህ የራውተሩን አድራሻ ከሁለቱም ኮምፒውተሮች ፒንግ አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ አይፒኮንፊግ ላይ ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት ለፊት ይገኛል። ሁለቱም ከራውተሩ መልስ ካገኙ ቀሪው ጉዳይ የዊንዶውስ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ልደታ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉኝ። የቤተሰቡን የድሮ ፎቶዎች ሁሉ አንድ በአንድ ስካን አድርገው ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጠዋል። በላፕቶፕ ሊያዩዋቸው ሲሞክሩ ፓስወርድ ይጠይቃቸዋል። ዘወትር ኮምፒውተሩን የሚከፍቱበትን አራት አሃዝ ቢጽፉ አይቀበልም።

«ልጄ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም ብለውኛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንም አይነካም። የጻፉት እኮ ፒን ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ፓስወርድ ነው» አልኳቸው።

ፒን የሚሠራው እዚያው ማሽኑ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። በኔትወርክ በኩል ለመግባት የአካውንቱ ሙሉ ፓስወርድ ያስፈልጋል። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ስሙ ኢሜይላችሁ ነው፣ ፓስወርዱም የዚያ አካውንት ነው። ይህን ደግሞ ብዙ ሰው ረስቶታል። ከነጭራሹ ፓስወርድ የሌለው አካውንት ከሆነም አይሆንም፤ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድን በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ስለዚህ ሁሌ የምመክረው አንድ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት ክፈቱ፣ ፓስወርድ ስጡት። ላፕቶፑ ሲጠይቃችሁ የእሱን ስምና ፓስወርድ አስገቡ፣ «አስታውስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ለጋሼም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ፎቶዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ከፓስወርዱ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድባል። ፐብሊክ ማለት ካፌ ነው፣ ሆቴል ነው፣ የማታውቁት ሰው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ ራሱን ይደብቃል። ዊንዶውስ 11 አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ የሚያስቀምጠው ፐብሊክ ላይ ነው። ቤታችሁን እንደ ካፌ ቆጥሮት ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ግቡ፣ የዋይፋያችሁን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፣ ፕራይቬት የሚለውን ምረጡ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ይህን አድርጉ። ዴስክቶፑ በገመድ ከሆነ ኢተርኔት በሚለው ስር ነው የምታገኙት። ከዚያ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ዲስከቨሪ እና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ መብራታቸውን እዩ። ሌላ አንቲቫይረስ ከጫናችሁ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እዚያም ቤቱን የታመነ ኔትወርክ አድርጉት።

ቀጥሎ ዴስክቶፑ ላይ የምታጋሩትን ፎልደር ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ ሼር። አዲሱን አካውንት ጨምሩ። ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም ይችላል የሚለውን ወስኑ።

ላፕቶፑ ላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍታችሁ ባዶ ብታገኙት አትደንግጡ። ያ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። እሱን ከመጠበቅ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር \\192.168.1.5 ብላችሁ የዴስክቶፑን ቁጥር መጻፍና ኢንተር መምታት ይሻላል። በዚህ መንገድ ከተከፈተ ሥራው አልቋል። «ሆምግሩፕ ፍጠሩ» የሚል የድሮ የዩቲዩብ ቪዲዮ ካጋጠማችሁ እለፉት። ማይክሮሶፍት እሱን በ2018 ከዊንዶውስ 10 አውጥቶታል።

ከሳምንት በኋላ እንደገና እምቢ ካለስ? የዴስክቶፑ ቁጥር ተቀይሮ ይሆናል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻዎቹን እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ሁሌ ያጋጥማል። በራውተሩ ገጽ ላይ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚለውን ፈልጋችሁ ለዴስክቶፑ ቋሚ ቁጥር አስይዙለት።

መተያየቱ ተሳክቶ ፍጥነቱ ሲያናድድስ? ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ ፋይሉ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። መጀመሪያ ከዴስክቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ። በአንድ ባንድ (የዋይፋይ ሞገድ መደብ) ላይ ደግሞ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ አይናገሩም። ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ዴስክቶፕ በገመድ ይሁን። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ገመድ አልባ የሚሆንበት ምክንያት የለም። 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ተራ ገመድ እንኳ በሰከንድ ወደ 11 ሜጋባይት ይሰጣል። ላፕቶፑም እኩል ከሄደ 10 ጊጋባይት ፊልም በሩብ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታታባችሁ፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው።

ገመድ መዘርጋት የማይቻልበት ቤት ካለ ሲግናሉን መንከባከብ ነው። ዋይፋይ በሁለት ባንዶች ይሠራል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ዘገምተኛና የተጨናነቀ ነው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። በፒያሳ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች ውስጥ 5 ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ ይከብደዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ብረት ያለበት ኮንክሪት ዓምድና የብረት በር ናቸው ጠላቶቹ። ትልቅ መስታወትም ሲግናል ይመልሳል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር ውሃ ነው። ውሃ የዋይፋይ ሲግናል ይውጣል። ለፈረቃ የተሞላ በርሜል ራውተሩና ኮምፒውተሩ መሃል ቆሞ ከሆነ አንዱን ከፍ ወይም ዞር አድርጉት። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከቁምሳጥን ውስጥ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ አድርጉት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላው ችግር ጎረቤት ነው። በ2.4 ላይ ሳይነካኩ ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት መስመሮች (ቻናሎች) ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አንድ ብሎክ ላይ ግን ሃያና ሠላሳ ራውተር ሊኖር ይችላል። ማታ ሁሉም ሲከፍት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወያሎች በአንድ ጊዜ ሲጣሩ ማለት ነው፤ ድምፅ አለ፣ የሚሰማ የለም። በስልካችሁ የዋይፋይ አናላይዘር መተግበሪያ አውርዱና ከሦስቱ የትኛው እንደቀለለ እዩ። በራውተሩ ገጽ ላይ ቻናሉን ወደዚያ ቁጥር ቀይሩት። 2፣ 3 ወይም 4ን መምረጥ ብልህነት ይመስላል፣ ግን ከሁለቱም ወገን ጋር ያጋጫችኋል። ማይክሮዌቭ ምድጃና ብሉቱዝም እዚሁ 2.4 ላይ ናቸው። ላፕቶፑ 5 ካለውና ራውተሩ ቅርብ ከሆነ 5ን ምረጡ።

የእኛ አገር ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ዋይፋይ የላቸውም፣ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ነው የሚገዛላቸው። ያቺን ከኋላ ስትሰኳት የብረቱ ሳጥን ይጋርዳታል። ከፊት ሰኳት፣ ወይም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ጠረጴዛው ላይ አውጧት። ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ሥራ ሲበዛበት በ2.4 ላይ ረብሻ ስለሚፈጥር ሌላኛውን ቀዳዳ ሞክሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠሩ ነገሮች ለብቻቸው ናቸው። ራውተሩ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ታገሡት። ያረጀ ዴስክቶፕ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ማዘርቦርዱ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት ክብ ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫቸው ያልደረሰ ወይም ያለፈበት ይመስላል፣ አሳሹም አልከፍትም ይላል። ሰው «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ራውተር ይቀይራል። የባትሪዋ ዋጋ ግን ከራውተር ጋር አይወዳደርም።

የራውተሩ አዳፕተር ከተቃጠለ ምትኩን ስትገዙ ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 12 ከሆነ 12፣ 9 ከሆነ 9። አምፒሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ችግር የለውም። ዝቅ ካለ ግን ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል፣ ይበራል።

በመጨረሻ፣ አንድ ዋይፋይ ለግቢው ሁሉ የምትካፈሉ ካላችሁ ይህን አስተውሉ። ኔትወርኩን ፕራይቬት ስታደርጉት ኮምፒውተራችሁ የሚታየው ለእናንተ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም፤ ለተከራዩም፣ ለጎረቤቱም ነው። ስለዚህ ሙሉ ዲስክ አታጋሩ፤ አንድ ፎልደር ብቻ አጋሩ። «ኤቭሪዋን» የሚለውን ከተፈቀደላቸው ዝርዝር አውጡ። በፓስወርድ የሚጠበቅ ሼሪንግ የሚለውን አታጥፉ፣ ምንም እንኳ ቪዲዮዎቹ «አጥፉት፣ ይቀላል» ቢሏችሁ። እንግዶችን ጌስት ላይ አድርጉ። አንድ ሰው ግቢውን ሲለቅ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ። የዋይፋዩን ስም ጭምር ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ኔትወርክ ቆጥሮ ፐብሊክ ላይ ሊመልሰው ስለሚችል፣ ላፕቶፑና ዴስክቶፑ እንደገና ከተጠፋፉ መጀመሪያ እሱን እዩ።